የቄስ ሃይለ ሚካኤል የጾም ቅባት

አንባቢዬ፣ የጎጃም በጋ የሰውን ቆዳ ምን እንደሚያደርግ ካላወቅህ እኔ ዳኘው ልንገርህ። የአንድ ጎረቤቴ ተረከዝ ከመሰንጠቁ የተነሣ አንዲት እንሽላሊት ገብታበት በጋውን ከረመች፤ ሰኔ ሲገባ ልጆቿን አስከትላ ወጣች። ሰዎች ይህን ሲሰሙ «ውሸትህን ነው» ይሉኛል። እነሱ እንሽላሊቷን አላዩአትም፤ እኔ ግን አይቻታለሁ። ዛሬ የማወራህ ስለ እጅ ነው፤ ያውም ስለ ቄስ እጅ። ስለዚህ እንሽላሊት አላስገባበትም።

ጊዜው ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ፣ ከዚያ እስከ ማንኩሳ፣ ከማንኩሳም ዛሬ ፍኖተ ሰላም እስከምንለው አገር ድረስ መንገዱን አስካሪ በሚሉት ቅጥር ወታደሩ የሚያስጠብቅበት ዘመን ነው። ከመሸ በኋላ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ጅብ ሳይበላው ጥይት ይበላዋል። ጾሙ ተጋምሶ የደብረ ዘይት ሳምንት ገብቷል። እኔ ከቡሬ ገበያ አሞሌ ጨው በአህያዬ ጭኜ ወደ ማንኩሳ ስመለስ፣ ከመንገድ ዳር ሾላ ሥር አንድ ነጭ ጥምጣም አየሁ። ቀረብ ብል የደብራችን የኪዳነ ምሕረት አገልጋይ ቄስ ሃይለ ሚካኤል ናቸው።

«ይፍቱኝ አባ» ብዬ ጎንበስ አልሁ።

«እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉና መስቀላቸውን አወጡ። ያወጡት ግን በጣታቸው አይደለም፤ በሁለት የእጃቸው አንጓ መካከል ይዘው አሳለሙኝ። ጣቶቻቸው ሁሉ በነጠላ ቅዳጅ ተጠቅልለዋል፤ ቅዳጁም ደም አዝሏል።

«ምነው አባ! ጣሊያንን ጨበጣ ገጠሙት እንዴ?»

«አንተ ደግሞ፣ አፍህ ሳይጾም ፋሲካ ሊደርስ ነው። በጋው ነው የገጠመኝ። ጣቴን ባጠፍሁ ቁጥር አንጓው ይተረተርና ይደማል።»

«ታዲያ በዚህ እጅ ቡሬ ምን ሊያደርጉ ወረዱ?»

ሽማግሌው የተጠቀለሉ ጣቶቻቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። አህያዬን ወደ ሣሩ ለቀቅሁና አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ከዚያ በኋላ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ሥርዓቱ እንደሚታወቀው ደም የሚፈሰው ካህን መቅደስ አይገባም፤ ቅዳሴም በአንድ ቄስ አይቀደስም። ከደብሩ ካህናት አንደኛው መስቀሉንና ጠመንጃውን ይዞ ከአርበኞች ጋር ጫካ ገብቷል፤ ሌላው ዐርፏል። የቀሩት እሳቸውና አይናቸው የደከመ አንድ ሽማግሌ ካህን ብቻ ናቸው። ስለዚህ የእሳቸው እጅ ካልዳነ ደብሩ ጸሎተ ሐሙስንም ትንሣኤንም ያለ ቅዳሴ ሊውል ነው። ሌላ ደብር ሄዶ እንዳያስቀድስ ሕዝቡ በሌሊት መንቀሳቀስ አይችልም።

«የቡሬ ካህናት አንድ ቄስ እንዲያውሱኝ ልለምን ነበር» አሉ። «ሁሉም 'በዚህ ዘመን ማን ከደብሩ ይወጣል' አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቅዳሴው ይቅርና፣ በጸሎተ ሐሙስ የሕዝቡን እግር የሚያጥበው ማነው? በደማ ጣት እግር ይታጠባል? ውኃው ደም ሆኖ ሕዝቡ ሲያየው ምን ይላል? ይህች አገር ክፉ ምልክት የጎደላት መሰለህ?»

ነገሩ ቀልድ የማያስገባ ሆነብኝ። እኔ ደግሞ ቀልድ የማያስገባ ነገር ሲገጥመኝ እጄን የማስቀምጥበት አጣለሁ። እንዲህ ሆነን ሳለ ከኋላችን አንድ ሰው የተጠቀለለ ሸክም በትከሻው ይዞ መጣ። ስሙ ክንዱ ነው፤ የንብ አርቢዋ የአልጣሽ ልጅ። ደብረ ማርቆስ ተማሪ ቤት ገብቶ፣ ኋላም ከአንድ ቁስል አጣቢ ጋር ሲሠራ ቆይቶ፣ ጦርነቱ ተማሪ ቤቱን ሲዘጋው ወደ እናቱ ቀፎዎች የተመለሰ ወጣት ነው። የያዘው ሸክም ሰም ነበር፤ ካንቲና ለሚሉት የጣሊያን ሱቅ ሊሸጥ ወስዶት የሚዛኑን ተንኮል አይቶ መልሶ አመጣው።

ክንዱ መስቀል ተሳልሞ ጨርቁን አየ። «አባ፣ ቢፈቅዱልኝ ልየው?» አለና ጣቶቻቸውን ገልጦ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ «ይድናል» አለ። እኔ ግማሽ የተማርሁ ስለሆንሁ ብዙ እናገራለሁ፤ እሱ ሙሉ የተማረ ስለሆነ «ይድናል» ብሎ ዝም አለ።

«በምን ይድናል?» አሉ ቄሱ። «መድኃኒቱ ቅቤ ነበረ፤ እሱ ደግሞ ጾም ነው። ዓቢይ ጾም ከተያዘ ቅቤ በአፌም በእጄም አላስነካም።»

«እኔም ቅቤ አላልሁም አባ። ቅባኑግና ሰም ነው የምልዎት። ሁለቱን አቅልጦ አዋሕዶ ቀዝቅዞ ሲረጋ ለስላሳ ቅባት ይሆናል። ዘይቱ የደረቀውን ቆዳ ያለሰልሰዋል፤ ሰሙ ደግሞ በላዩ እንደ ክዳን ሆኖ እርጥበቱ እንዳይተን ይይዘዋል። ሁለቱም የጾም ናቸው።»

«ሰም!» አሉ ቄሱ፤ ከተቀመጡበት ሊነሡ ምንም አልቀራቸው። «ሰም የመቅደስ ነው ልጄ። ለጧፍ ነው። በእግዚአብሔር ፊት የሚበራውን ወስጄ እጄን ልቀባበት?»

«ማሩስ አባ?»

«ማሩ ምን ሆነ?»

«ያችው ንብ ናት የሠራችው። ጠጅ ጥለን ስንጠጣው ግን የመቅደስ ነው ያለን የለም።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ቄሱ ቆጣ ብለው አዩኝና «እሱ ሌላ ነው» አሉ። አንባቢዬ፣ ሽማግሌ «እሱ ሌላ ነው» ሲል መልስ አጥቷል ማለት ነው፤ ተሸንፏል ማለት ግን አይደለም። ተነሥተን ጉዞ ቀጠልን፤ ክርክሩም ከአህያዬ ጭራ ኋላ ኋላ ተከተለን።

«ይሁን» አሉ ቄሱ ትንሽ እንደ ሄድን። «ሕዝቡስ? ቄሱ በጾም እንደ ሙሽራ ተቀብተው መጡ አይልም? ይባስ ብሎ የጣሊያኑን የቆርቆሮ ቅባት ገዙ ይለኛል። ዛሬ ቡሬ ላይ አንዱ 'ካንቲና ሄደው አይገዙም ወይ' ብሎኝ ነበር። ከዚያ እጅ ከምቀበል ጣቴ ይውደቅ።»

«አባ፣ እሱን እንኳን ተዉት» አልሁ ጣልቃ ገብቼ። «ያ ቅባት ከአዞ ስብ ነው የሚሠራ። አንድ አስካሪ ተቀብቶት ዓባይን ሲሻገር አዞዎቹ የአጎታችን ልጅ ነው ብለው በሰላም አሳለፉት። እንዲያውም አንደኛው ጉንጩን ስሞታል።»

«አያ ዳኘው፣ እባክዎን ይተዉን!» አለ ክንዱ እየሳቀ። «ክፉ ነው አልልም፤ ቅባት ቅባት ነው። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ሰማችንን በጆንያ ከእኛው ይገዛሉ፤ እኛ ደግሞ እጃችን ሲሰነጠቅ በቆርቆሮ ያለውን ልንገዛ እንሰለፋለን። ንቡ የእኛ፣ ኑጉ የእኛ፣ ስንጥቁም የእኛ ሆኖ ሳለ መድኃኒቱ ብቻ የጣሊያን መሆን ነበረበት?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስለ ጾሙም ቢሆን አባ፣ በቅድስት እሑድ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ጾመኛ ፊቱን አጠውልጎ ለሰው እንዳይታይ፣ ታጥቦና ተቀብቶ እንዲውል የታዘዘ ነው ብለውናል። እኔ ከበሩ ሥር ቆሜ ሰምቻለሁ።»

ቄሱ መቋሚያቸውን በክንዳቸው አቅፈው አፈሩን እያዩ ሄዱ። ሰው በራሱ ቃል ሲያዝ ፊቱ ላይ የሚመጣውን ነገር አይቼዋለሁ፤ ግማሹ ቁጣ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ደቀ መዝሙሬ ሰምቶኝ ነበር ለካ የሚል ደስታ ነው።

ቤታቸው ስንደርስ ባለቤታቸው እትዬ ዓባይነሽ ደጁ ላይ ቆመው ነበር። «እሰይ፣ በሰላም መጡ! ይህን ዋሾ ደሞ ኸየት አገኙት?» አሉ እኔን በአገጫቸው እያመለከቱ። «ባለፈው ያወራው የቀንድ አውጣ ወሬ ልጆቹን ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛቸውም።» ይህን እያሉ ከቤት ገብተው የገንቦ ውኃና የተወቀጠ እንዶድ ይዘው ተመለሱ። ቄሱ ጨርቃቸውን ፈትተው ሊታጠቡ እጃቸውን ሲዘረጉ ክንዱ ገንቦውን ያዘው።

«አባ፣ በእንዶድ ነው የሚታጠቡት?»

«በምን ልታጠብ ኖሯል? ደሙ እንዲጠራ መላልሼ እታጠባለሁ። ከደማ በኋላማ ጨምሬ ነው የማሸው።»

«አባ፣ እጅዎን የሚያደማው እኮ ይኸው ነው! እንዶድ የሸማን እድፍ የሚያወጣው ቅባቱን እየገፈፈ ነው። እጅ ደግሞ እግዚአብሔር የሰጠው የራሱ ወዝ አለው። ያንን ወዝ በየቀኑ ከገፈፉት ቆዳው በምን ይለስልስ? ሲደማ ይታጠባሉ፤ ሲታጠቡ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ይደማል።»

አሁን ቄሱ በእውነት ተቆጡ። መንገድ ላይ የታገሡት ሁሉ አብሮ ወጣ። «ንጽሕናዬን ልተው ነው የምትለኝ? በዚህ እጅ ምን እንደምይዝበት ታውቃለህ? አባቶቼ በእንዶድ ታጥበው ነው የቀደሱ! ተማሪ ቤት ገብተህ ያመጣህልን ይህን ነው፣ ሳትታጠቡ ግቡ የሚል ትምህርት?»

«በለብ ያለ ውኃ ይታጠቡ ነው ያልሁት አባ፣ አይታጠቡ አላልሁም...»

«በቃ! ጨረስን። ሰምህን ይዘህ ሂድ።»

ክንዱ ከንፈሩን ነክሶ ሸክሙን አነሣ። እኔም የአህያዬን ገመድ ፈታሁ። በዚያች ሰዓት ደብሩ ያለ ትንሣኤ እንደሚቀር አመንሁ። እትዬ ዓባይነሽ ግን ገንቦውን መሬት አስቀመጡና «አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አሉ ባላቸውን።

«ምን?»

«የቅዳሴ ልብስዎን የሚያጥበው ማነው?»

«አንቺ ነሽ። ምን ማለትሽ ነው?»

«በምን ነው የማጥበው?»

«በእንዶድ ነዋ።»

እትዬ ዓባይነሽ መዳፋቸውን ገልብጠው ከባላቸው ፊት ዘረጉ። ጥር ላይ የሚሰነጠቅ የመረሬ መሬት አይተሃል? እንደዚያ ነበር። እዚህ ላይ አንዲት ቃል አልጨመርሁም፤ ጣቶቹ ከመዳፉ የሚገናኙበት ቦታ ሁሉ የቆየና አዲስ ስንጥቅ ተላልፎበት ነበር።

ቄሱ ጎንበስ ብለው አዩት። «ዓባይነሽ፣ ይህ ኸመቼ ወዲህ ነው?»

«ኸተጋባን ወዲህ። እኔን ኸመቅደስ የሚከለክለኝ የለ፤ ማን ያየዋል ብለው ነው?»

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው በክርክር የሚሸነፈው በቃል ብዛት ይመስለኝ ነበር፤ ስለዚህም ስከራከር ቃል አላጓድልም። ክንዱ በመንገድ ላይ ያን ሁሉ ተናግሮ ያላንቀሳቀሳቸውን ሽማግሌ፣ ሚስታቸው መዳፋቸውን ዘርግተው አንቀሳቀሷቸው። ልማድ ብዙ ጊዜ የሚኖረው ጉዳቱን የሚሸከመው ሰው ስለማይጮኽ ነው።

«ክንዱ» አሉ ቄሱ። «ሸክምህን አውርድ። መጀመሪያ የእሷን እጅ።»

እንግዲህ ወደ ሥራው ገባን። ክንዱ ሰሙን ሰባብሮ በትንሽ ድስት ጨመረ፤ ትንሹን ድስት ደግሞ ውኃ በፈላበት ትልቅ ድስት ውስጥ አስቀመጠው። «ሰም እሳት ላይ በቀጥታ አይጣድም፤ ይነድዳል» አለ። ሲቀልጥ በንጹሕ ነጠላ አጥልሎ የንቡን ክንፍና ጉድፉን ለየው። እትዬ ዓባይነሽ ለጾም ወጥ ያኖሩትን ቅባኑግ በቅል አመጡለት። ክንዱም ዘይቱንና ሰሙን እኩል በእኩል አደረገና እያማሰለ አቀዘቀዘው። ሲረጋ ቄሱ በጥፍራቸው ነካ አደረጉት። ጠንክሯል፤ ጥፍር አያስገባም።

«ክንዱ» አሉ ፈገግ ብለው፣ «ይህማ ጧፍ ነው። ለኩስልኝና ልጸልይበት።»

ሁላችንም ሳቅን፤ ክንዱ ፊቱ ቀላ። «ተሳስቻለሁ አባ፤ ሰሙን አበዛሁት» አለ። ያን ጊዜ ቄሱ ይበልጥ የወደዱት መሰለኝ፤ «ተሳስቻለሁ» የሚል የተማረ ሰው በዚያ ዘመንም ብርቅ ነበር። መልሶ አቀለጠውና ቅባኑግ ጨመረበት፤ ሰሙ አንድ እጅ፣ ዘይቱ አራት እጅ ያህል ሲሆን አሁን በጣት የሚዛቅ፣ እጅ ላይ ሲያርፍ የሚቀልጥ ሆነ።

«ቢፈልጉ የአደስ ቅጠል በዘይቱ አሙቄ ሽታ ላድርግለት?» አለ ክንዱ።

«የለም፣ የለም!» አሉ ቄሱ። «የምገባው መቅደስ ነው፣ ሰርግ ቤት አይደለም።»

«ለእኔ ጨምርልኝ» አሉ እትዬ ዓባይነሽ። «ሰርግ ባልጠራም ይሽተተኝ።»

ክንዱ አጠቃቀሙንም አስረዳቸው። እጅ በለብ ያለ ውኃ ይታጠባል፤ ታሽቶ ሳይሆን በንጹሕ ጨርቅ እየተነካካ ይደርቃል፤ ርጥበቱ ፈጽሞ ሳይጠፋ ቅባቱ ይቀባል። በደማው ስንጥቅ ላይ አስቀድሞ ንጹሕ ማር ጠብ ይደረግና በላዩ ቅባቱ ተቀብቶ ይጠቀለላል። ወደ ቅባቱ ዕቃ ውኃ አይግባ፤ የቆሸሸ ጣትም አይነከርበት፤ ይበላሻል። እንዶዱ ለሸማ ብቻ ይቅር፤ ሸማ የሚያጥብም ሰው ሥራውን ሲጨርስ እጁን በንጹሕ ውኃ አለቅልቆ ወዲያው ይቀባ።

ቄሱ ያለ እንዶድ መታጠቡን እስኪለምዱ ድረስ ጭንቅ ነበረባቸው። እትዬ ዓባይነሽ እንዶዱን ደበቁት፤ እሳቸውም ይፈልጉት ነበር። ሲያጡትም «ይህች ሴት ከክንዱ ጋር አብራለች» እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። ግን ማታ ማታ በምድጃው ዳር ተቀምጠው አንዳቸው የአንዳቸውን እጅ ሲቀቡ አይቻለሁ። ባልና ሚስት እንደዚያ ሲሆኑ ማየት ለሌላ ሰው ስለማይገባ፣ ጨው ላደርስ ገብቼ ጨውን ጥዬ ወጣሁ።

ጸሎተ ሐሙስ ደረሰ። ሕዝቡ ወሬውን ሰምቶ ስለነበር ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሞልቶ ይጠብቃል። አይናቸው የደከመው ሽማግሌ ካህን በመቅደሱ ደጃፍ ቆመው «እጅህን ስጠኝ» አሉ። በአይናቸው ስለማያዩ የቄስ ሃይለ ሚካኤልን ጣቶች አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ፤ አንጓዎቹን እያጠፉ፣ እየዘረጉ ፈተኑ። ስንጥቁ ጠባሳ ሆኗል፤ አይደማም። «ይህ እጅ የአንተ ነው?» አሉ ተገርመው። «ግባ።»

ከቅዳሴው በፊት እግር የሚታጠብበት ሰዓት ሆነ። የወይራ ቅጠል የተነከረበት ውኃ በሣህን ቀረበ፤ ቄስ ሃይለ ሚካኤልም ወገባቸውን ታጥቀው ተንበረከኩ። የመጀመሪያውን ገበሬ እግር ይዘው ማጠብ ጀመሩና ቆም አሉ። ተረከዙን ገልብጠው አዩት። የሁለተኛውንም አዩ፤ የሦስተኛውንም።

«ሰዎች!» አሉ ከተንበረከኩበት ቀና ብለው። «ይህ እግር ነው ወይስ የታረሰ የእዳሪ መሬት? እኔ አንድ ወር ሙሉ ስለ እጄ አለቀስሁ፤ እናንተ ይህን ተሸክማችሁ ታርሳላችሁ? ስሙኝ። ገላን መጠበቅ ቅንጦት አይደለም። ስንጥቅ ለቁስል በር ነው፤ በዚያ በር መግል ይገባል፣ ንዳድ ይገባል፤ የቆሰለ ገበሬም ሞፈር አይጨብጥም፣ የቆሰለች እናትም ልጇን አታቅፍም። መድኃኒቱ ከየጓሯችሁ አለ። ሰማችሁን አራግፋችሁ ለካንቲና አትስጡ፤ ለጧፍ የምትሰጡትን ስጡ፣ ከቀረው ደግሞ ለቤታችሁ አስቀሩ። ኑግ የማይዘራ ማን አለ? አሠራሩን እትዬ ዓባይነሽና ክንዱ ያሳዩአችኋል። ሴቶቻችሁ በእንዶድ ሲያጥቡ እጃቸውን ግለጡና እዩ። እኔ ዘግይቼ ነው ያየሁት።»

ከሴቶቹ መካከል አንዷ እጇን ከነጠላዋ አወጣችና አየችው፤ ከዚያም ሌላዋ። ከዚያ ፋሲካ ወዲህ በደብራችን ዙሪያ የቅባት ቅል የሌለበት ቤት ብትፈልግ አታገኝም። የልጆች ከንፈር በበጋ መሰንጠቁ ቀረ፤ ሸማ የሚያጥቡ ሴቶችም እጃቸውን በነጠላ መሸፈን ተዉ። ይህን የምጽፈው የራሳችን ምድር የሚያበቅለውን መርምረን ብንጠቀምበት የማንንም ቆርቆሮ እንዳንጠብቅ ነው።

በመጨረሻ የእኔ ተራ ደረሰ። ቄሱ እግሬን ይዘው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዳኘው፣ ጴጥሮስ እግሬን አታጥብም ያለው ይህን የመሰለ እግር ቢኖረው ነው» አሉ። በዙሪያው ያለው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን እግሬን እያጠቡ ጎንበስ አሉና እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ ቀጠሉ።

«ከትንሣኤ በኋላ ከጨውህ ሥር አንድ ቅል ቅባት አኑረህ ወደ ጫካ ትወርዳለህ። እዚያ ያሉት አርበኞች በባዶ እግራቸው ናቸው፤ ቁስል አጣቢም የላቸውም። አስካሪ ቢይዝህ የፈለግኸውን ዋሽ፤ እኔ እፈታሃለሁ።»

«እሺ አባ» አልሁ።

ቄስ ሃይለ ሚካኤል እግሬን አድርቀው ተነሡና ውኃውን ሊደፉ ሣህኑን በሁለት እጃቸው አጥብቀው አነሡት። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። በውኃው ውስጥ የወይራ ቅጠልና የሁላችን የእግር አፈር ነበረበት፤ ደም ግን አልነበረበትም።